ኦሌድ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቤታችን ያለው ቴሌቪዥን 43 ኢንች ነው። ዘጠኝ ዓመት አገልግሎናል፤ አሁንም ይሠራል። ባለቤቴ ግን ኦሌድ የሚሉትን አዲስ ዓይነት ሱቅ ውስጥ አይቶ ከመጣ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኗል። ሻጩ ደግሞ «ከገዛችሁ አይቀር 8ኬ ግዙ» ብሎታል። አባቴ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ጠዋት የከፈቱት የዜና ጣቢያ የሚዘጋው ማታ ነው። ሳሎናችን ትልቅ መስኮት አለው። ሶፋው ከቴሌቪዥኑ ሁለት ሜትር ተኩል ይርቃል። ገንዘቡን ያጠራቀምነው በብዙ ልፋት ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ አባትሽና ስለ መስኮቱ መጻፍሽ በጣም ጠቅሞኛል። ብዙ ጠያቂዎች የሞዴል ቁጥር ብቻ ይልኩልኛል። ማን እንደሚያይበትና የት እንደሚቀመጥ ሳላውቅ ግን መመለስ ይቸግረኛል።

ከአባትሽ ልጀምር፤ በእኔም ቤት የደረሰ ነገር ነውና። ከስድስት ዓመት በፊት ኦሌድ ገዛሁ። የመጀመሪያው ማታ መብራት አጥፍተን ፊልም ስናይ የሌሊቱ ሰማይ ድቅድቅ ጥቁር ነበር። በድሮው ቲቪያችን ሌሊቱ ሁሉ ግራጫ ነበር። ባለቤትሽ በዚህ ከተማረከ አልፈርድበትም፤ ዓይኑ ያየው እውነት ነው።

እናቴም እንደ አባትሽ ዜና ወዳድ ናት። ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ላይ ትውላለች። በሦስተኛው ዓመት ልጄ ኳስ እያየ «አባዬ፣ ሜዳው ጥግ ላይ ያለው ጥላ ምንድን ነው?» አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው የዜና ጣቢያው አርማ ነው። ጣቢያ ብቀይርም አልለቀቀም። በርን-ኢን ይሉታል፤ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ታትሞ መቅረቱ ነው። ለጥገና የወሰድኩበት ቦታ ፓነሉ (ስክሪኑ ራሱ) ካልተቀየረ መፍትሔ እንደሌለው ነገሩኝ። ዋስትናው ደግሞ ይህን አይሸፍንም ነበር። በጣም አዘንኩ።

ነገሩ የሚመጣው ከውበቱ ምንጭ ነው። በኦሌድ ውስጥ እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው እያንዳንዱ ጥቃቅን ነጥብ፣ የራሱን ብርሃን ያወጣል። 4ኬ በሚባለው የምስል ጥራት ደረጃ ስክሪኑ ላይ 8.3 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለ። ጥቁር በሚፈለግበት ቦታ ፒክስሉ ጭራሽ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ጥቁሩ እንደዚያ የሚያምረው። ግን ብርሃን የሚሰጡት ኦርጋኒክ ቁሶች በሠሩ ቁጥር ያረጃሉ። አንድ አርማ በየቀኑ ለአሥር ሰዓታት እዚያው ቦታ ከበራ የዚያ ቦታ ፒክስሎች ከጎረቤቶቻቸው ቀድመው ይደክማሉ።

አንድ ስህተትም ሠርቻለሁ፤ ማንም እንዳይደግመው እነግርሻለሁ። ማታ ማታ ቲቪውን ከሶኬት እነቅለው ነበር። ኦሌድ በሪሞት ከጠፋ በኋላ በራሱ ጊዜ ፒክስሎቹን እየለካ ያስተካክላል። ለዚህ ሥራ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። እኔ ነቅዬ ሳድር ይህን ዕድል ነፈግኩት። አሁን የሚወጡት ኦሌዶች አርማን ለይተው ያደበዝዛሉ፣ ምስሉንም በጥቂቱ ያንቀሳቅሳሉ። የተሻሉ ናቸው። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ለሚከፈትበት ቤት ዛሬም ልቤ አይደፍርም።

ወደ መስኮቱ ልምጣ። ቀን ላይ ብርሃን የሚገባበት ሳሎን ጠንከር ያለ ብርሃን የሚሰጥ ስክሪን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሚኒ ኤልኢዲ የሚባለው ይበልጣል። ይህ ኤልሲዲ ነው፤ ማለትም ፒክስሎቹ ራሳቸው አይበሩም፣ ብርሃኑ ከኋላ ይመጣል። ከስክሪኑ ጀርባ ግን ብዙ ሺህ ጥቃቅን መብራቶች ተደርድረው በየክፍላቸው ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። አርማ ታትሞ ይቀራል የሚል ስጋት የለበትም። ጉድለቱ ጨለማ ትዕይንት ላይ ነው፤ በጥቁር ሰማይ ላይ ያለች ጨረቃ ዙሪያዋን ትንሽ ብርሃን ሊፈስ ይችላል። ኪውሌድ የሚል ጽሑፍ ካየሽ ደግሞ ከኦሌድ ጋር እንዳታምታቺው። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ኪውሌድ ኤልሲዲ ነው።

8ኬውን እርሺው። 33 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ ግን ጤነኛ ዓይን በ65 ኢንች ስክሪን ላይ ከ4ኬ ያለውን ልዩነት ለመለየት ከ1.3 ሜትር በታች መጠጋት አለበት። እናንተ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ናችሁ። በ8ኬ የተቀረጸ ነገርም እምብዛም የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ባለ መነጽሩ 3ዲ ቲቪ እንዲሁ «የወደፊቱ ይኸው ነው» ተብሎ ተሸጦ ነበር። በ2017 ትልልቆቹ አምራቾች ትተውት ነበር።

ስለዚህ እኔ ብሆን 65 ኢንች፣ 4ኬ፣ ሚኒ ኤልኢዲ እገዛለሁ። ሌላ መንገድም አለ፦ አሮጌው 43 ኢንች ለዜና አባትሽ ክፍል ይግባ፣ ሳሎን ኦሌድ ይሁን። ይህን የምመክርሽ ግን አባትሽ ራሳቸው ከወደዱት ብቻ ነው። ሳሎን ከልጆቹ መሐል መቀመጥ ደስ የሚላቸው ከሆነ ለስክሪን ተብሎ ከዚያ አይነሱ።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ምስሉን ከሱቅ ማሳያ ወደ ሲኒማ ወይም ወደ ፊልም አቀማመጥ ይቀይርላችሁ፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ከልክ በላይ ደምቀው ነው የሚቆሙት። ከዚያ ጨለማ የበዛበት ትዕይንት በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ አስከፍቱ። ሁለተኛ፣ ሚኒ ኤልኢዲው ስንት የመብራት ክፍል እንዳለው ይንገራችሁ፤ በመቶዎች ከሚቆጠረው በሺዎች የሚቆጠረው ጨለማውን በተሻለ ይይዛል። ባለቤትሽ በዚያ ትዕይንት ጥቁሩ ካላረካው መልሰሽ ጻፊልኝ፤ አባትሽ ስለ ክፍላቸው ያሉትንም ጨምሪበት።