መምህር፣ ዳይኖሰር በእርግጥ ነበረ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስለ ዳይኖሰር የሚያወራ መጽሐፍ ካገኘ ምግብም አያስታውስ። በቀደም «እማዬ፣ እግዚአብሔር ዳይኖሰርን በስንተኛው ቀን ፈጠረው? ኖኅስ መርከብ ውስጥ አስገብቶታል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ «አጥንቱ ፈጠራ ነው፣ እምነቱን ሳያጠፋበት መጽሐፉን ውሰጂበት» አለችኝ። ምን ላድርግ? ስሜ ይቆየኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ መጽሐፉን አይውሰዱበት። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አጥንቱ ፈጠራ አይደለም። ሙዚየም ውስጥ የሚቆመው አንዳንዴ ቅጂ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ዋናው ወደ ድንጋይነት የተለወጠ፣ ከባድና ተሰባሪ ስለሆነ ለጥናት ተለይቶ ይቀመጣል። ማጭበርበር የለበትም። ደግሞስ ይህን ጥናት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ማን መሰለዎት? ዊልያም በክላንድ የሚባል የእንግሊዝ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ሜጋሎሳውረስን ስም ሰጥቶ በጽሑፍ ያሳወቀው እሱ ነበር። ዳይኖሰር የሚለው የወል ስም ራሱ የመጣው ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቤተ ክርስቲያንን ለማፍረስ የተሸረበ አድርገው ለሚያወሩ ሰዎች ታሪኩ አይመችም።

ዓይነታቸው ብዙ ነው። ሊቃውንቱ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በዳሌ አጥንታቸው ለሁለት ይከፍሏቸዋል። በአንዱ ወገን እንደ ቲራኖሳውረስ ያሉ በሁለት እግር የሚሄዱ ሥጋ በሎችና እንደ አርጀንቲኖሳውረስ ያሉ አንገተ ረጅም ግዙፎች አሉ። በሌላው ወገን ሦስት ቀንድ ያለው ትራይሴራቶፕስ፣ ጀርባው ላይ ሰፋፊ ሰሌዳ የደረደረው ስቴጎሳውረስ፣ ጋሻ የለበሰው አንካይሎሳውረስ ይገኛሉ። ሁሉም ግዙፍ እንዳይመስልዎት። ፊልም ላይ ሰው የሚያስጨንቀው ቬሎሲራፕተር ቁመቱ ከተርኪ ዶሮ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ክንዱ አጥንት ላይም የላባ መትከያ ምልክት ተገኝቶበታል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የኦቪራፕተር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ሞንጎሊያ በረሃ ውስጥ አጥንቱ ከእንቁላል ክምር አጠገብ ተገኘ። እንቁላሉ የሌላ እንስሳ ነው ተብሎ ታሰበና «እንቁላል ሌባ» የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን እዚያው አገር በተመሳሳይ እንቁላል ውስጥ የእሱው ወገን ሽል ተገኘ። ክንዶቹን ዘርግቶ እንቁላል ላይ እንደተቀመጠ የቀረ የቅርብ ዘመዱም ተገኘ። ለካስ ሌባ የተባለው የራሱን እንቁላል ታቅፎ ነበር! ለ70 ዓመት ያህል ስሙ ጠፍቶ ኖረ፤ ስሙ እስከ ዛሬም አልተቀየረለትም። ግን ልብ ይበሉ፣ ስህተቱን ያረሙት እነዚያው አጥንት ቆፋሪዎች ናቸው። ማስረጃ ሲመጣ ቃልን ማስተካከል እኛም ልንማረው የሚገባ ነገር ነው።

አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥም ማያሳውራ የተባለ ዳይኖሰር ጎጆ ተገኝቷል። ጫጩቶቹ እግራቸው ገና ያልጠና፣ ጥርሳቸው ግን በምግብ የተበላ ነበር። ወላጆቻቸው ጎጆ ድረስ ምግብ ያመጡላቸው እንደነበር ከዚህ ተገመተ።

ወደ ኖኅ ልምጣ። «ዳይኖሰሮቹን ያጠፋቸው የኖኅ ጥፋት ውኃ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ጎጆ ሠርቶ፣ እንቁላል ጥሎ፣ ታቅፎ፣ ጫጩት መግቦ ማሳደግ ሁሉን በሚያሰጥም ጎርፍ መካከል የሚሆን አይደለም። ዳይኖሰር ባለበት የድንጋይ ንጣፍ ውስጥም የሰው አጥንት አልተገኘም። በንጣፎቹ መካከል ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ የሚመረምሩት፣ ዩራኒየም ወደ እርሳስ የሚለወጥበትን ፍጥነት ይዘው፣ የመጨረሻዎቹ የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው ይላሉ። በዚያው ጊዜ ዛሬ ሜክሲኮ በምንለው አገር ትልቅ የሰማይ አለት ወድቋል፤ ጉድጓዱ ከምድር በታች ተገኝቷል። እንግዲህ ኖኅ ዳይኖሰር አላሳፈረም ብለው ለልጁ ቢነግሩት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይጣሉም።

መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 40 ላይ ያለው ጅራቱ እንደ ዝግባ የሆነ አውሬም ዳይኖሰር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። እግዚአብሔር ለኢዮብ የጠቆመው በሸምበቆና በረግረግ የሚተኛ፣ ኢዮብ ሊያውቀው የሚችል እንስሳ ነው። ዳይኖሰርን የግድ ከቅዱስ ቃሉ ውስጥ ፈልፍለን ማውጣት የለብንም። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ፔንግዊንም አይነግረንም፤ ፔንግዊን ግን አለ።

ዘመኑስ? ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ብለን የምንቆጥረው የሰውን ታሪክ ነው። ቆጠራው ከአዳም ይጀምራል። ከዚያ በፊት ያሉትን ቀናት ግን አባቶችም ሁሉ በአንድ መንገድ አልተረዷቸውም። እንደኛው ቀን የቆጠሯቸው አሉ፤ ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን መሆኑን አይተው በሰዓት መለካታቸውን የጠየቁም አሉ። ሐዋርያው ጴጥሮስም በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው ብሏል። ልጁ ከፍ ሲል ይህን አብራችሁ ታነቡታላችሁ። አሁን ግን «እግዚአብሔር ፈጠራቸው፤ መቼና እንዴት እንደኖሩ ደግሞ አጥንታቸው እየነገረን ነው» ማለት ይበቃዋል። የማያውቁትን ሲጠይቅዎት «አብረን እንፈልገው» ይበሉት። «ዝም በል፣ ኃጢአት ነው» ከተባለ ግን ሁለተኛ ወደ እርስዎ ይዞ አይመጣም። ፈተናው ያኔ ይጀምራል።

በስንተኛው ቀን ላለው፣ የምድር እንስሳት የተፈጠሩት በስድስተኛው ቀን ነው፤ ዳይኖሰርም የምድር እንስሳ ነው ይበሉት። ምናልባት «የሚበሩትና ባሕር ውስጥ የሚዋኙትስ?» ይል ይሆናል። እነሱ አምስተኛው ቀን ውስጥ ይገባሉ። «እማዬ፣ እነሱ እኮ ዳይኖሰር አይደሉም፣ ሌላ ወገን ናቸው» ብሎ ቢያርምዎት ደግሞ አይቆጡት። ልክ ነው።