ስለ ሮበርት በርንስ የጠየቃችሁኝ

ስለ ስኮትላንዱ ገጣሚ ስለ ሮበርት በርንስ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እውነት ያልተማረ ገበሬ ነበር?

መልስ፦ ገበሬነቱ እውነት ነው። ያልተማረ የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ጃንዋሪ 25 ቀን 1759 አሎዌይ መንደር፣ አባቱ በገዛ እጁ በሠራት የጭቃ ቤት ተወለደ። አባትየው መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ድሃ ነው። እንዲህም ሆኖ ከጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ጆን መርዶክ የሚባል ወጣት አስተማሪ ቀጠረ። ኋላ የኤድንብራ ሰዎች በርንስን «ሰማይ ያስተማረው አራሽ» አሉት። ውዳሴው ያምራል፤ የአባትን ልፋት ግን ይውጣል።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ግጥም ልጀምር?

መልስ፦ ለአይጧ ከጻፈው ጀምሪ፣ እህቴ። በ1785 ኖቬምበር ላይ ሲያርስ ማረሻው የአይጥ ጎጆ አፈረሰ። ብርዱ እየገባ ነው፤ ሌላ ጎጆ መሥሪያ ሣርም የለም። ሌባ ናት ብሎ አይፈርድባትም። ከ24 ነዶ አንድ ዛላ ብትወስጂ ምን አለበት ይላታል። ይህን ያለው የጠገበ ሰው ቢሆን ባልደነቀኝ። አባቱ በመሬት ኪራይ ከባለመሬቱ ጋር ሲሟገት ኖሮ፣ ከረታ ብዙም ሳይቆይ በ1784 የሞተበት ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጃማይካ ሊሄድ ነበር ይባላል?

መልስ፦ አዎ። በ1786 ባሮች በሚሠሩበት እርሻ ሊቀጠር ተስማምቶ ነበር። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የጻፈውን የምንወድ ሰዎች ይህን ማድበስበስ የለብንም። ያስቀረው የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው። በዚያው ዓመት ኪልማርኖክ ላይ የታተመው 612 ቅጂ ብዙም ሳይቆይ ተሸጦ አለቀ።

ጥያቄ፦ መጠጥ ነው የገደለው?

መልስ፦ ወሬው የቆየ ነው። ብዙዎቹ የኋላ ዘመን ሐኪሞች ግን የልብ ሕመም ነው ይላሉ። በ1796 ሲሞት ዕድሜው 37 ነበር።

ጥያቄ፦ ያ የአዲስ ዓመት ዘፈን የእሱ ነው?

መልስ፦ «ኦልድ ላንግ ሳይን»ን ማለትህ ነው። ራሱ ከአንድ ሽማግሌ ሰምቼ ጻፍኩት ብሏል። ብዙውን ስንኝ የሠራው እሱ መሆኑን ግን የሚጠራጠር ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዝም። ለእኔ ትልቁ ሥራው ዘፈን ማሰባሰቡ ነው። በ1789 ቀረጥ ሰብሳቢ ሆኖ ተቀጠረ። ቀን በፈረስ ሲዞር ይውላል፤ ዜማውን ሲያንጎራጉር ቆይቶ ውስጡ ሲገባ ነው ግጥም የሚያስገባለት። ለጄምስ ጆንሰንና ለጆርጅ ቶምሰን ስብስቦች ብዙ ዘፈን ሰጠ፤ ክፍያ ግን አልፈልግም አለ። በ1793 ቶምሰን 5 ፓውንድ ቢልክለት ተቆጣ፤ ሁለተኛ እንዳትሞክራት አለው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሊሞት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ለዕዳው ሊያሳስረው ሲዝት፣ ያንኑ ቶምሰንን 5 ፓውንድ ላክልኝ ብሎ ለመነው። ያውም በነጻ አይደለም፤ በዘፈን እከፍልሃለሁ ብሎ። ቶምሰንም ላከለት።

ጥያቄ፦ በልደቱ ቀን ምን ይበላል?

መልስ፦ ሃጊስ። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር በጨጓራ ተሞልቶ ይቀቀላል። ለእሱም ግጥም ጽፎለታል፤ ከመቆረሱ በፊት ይነበባል። የመጀመሪያውን የመታሰቢያ እራት በ1801 ወዳጆቹ የበሉት እዚያችው የተወለደባት ቤት ውስጥ ነው።