ጥያቄና መልስ፦ ጨቅላ ይዞ ዓሣ ማጥመድ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ቤተሰቡ ዓሣ ሊያጠምድ ቆላ ሲወርድ በቅርቡ የተወለደው ልጅ እንዴት ይሁን?

ልጄ ገና 3 ሳምንቷ ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ከወንድሞቹ ጋር ሸዋ ሮቢት ወንዝ ዳር ሊውል ነው። አብሬ ልሂድ? (እናት፣ ደብረ ብርሃን)

ይህኛው ቅዳሜ ይለፍሽ። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ከመጣ እስከ ነገ እንየው አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ መድረስ ያስፈልጋል። በ6ኛው ሳምንት አንቺም ትታያለሽ፣ ልጅቷም ክትባቷን ትወስዳለች፤ ከዚያ በኋላ ውረዱ። አያቶች አራስ ቶሎ አትውጣ ማለታቸው እዚህ ላይ ልክ ነው። በኦፕራሲዮን ወልደሽ ከሆነ ደግሞ ወንዝ ከደረስሽም በኋላ ጀሪካን እንዳታነሺ።

ልጃችን 2 ወር ሞልቶታል። ባለፈው ጉዞ ጣርማ በር ላይ አለቀሰ፣ ሮቢት ስንደርስ ላብ በላብ ሆነ። ምን እናልብሰው? (አባት፣ ደብረ ብርሃን)

መንገዱ ራሱ ነው ፈተናው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 1,300 ትወርዳለች። በሁለት ሰዓት ጉዞ ልጁ ከውርጭ ወደ ሙቀት ይገባል። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከመሄድ ስስ ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል። ቤት ስትነሱ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ይጨመርለት፤ ቆብና ካልሲም ይኑረው። ደብረ ሲና ላይ ለቆሎ መቆማችሁ አይቀርም፤ እዚያው አንዱን ልብስ አውልቁ፣ ሮቢት ሲደርስ አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል። እጅና እግሩን ነክታችሁ አትፍረዱ፤ እነሱ ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ይላሉ። ማጅራቱንና ደረቱን ዳስሱ፦ ላብ ካለ በዝቷል፣ ከቀዘቀዘ አንሷል።

ለቅሶው ከጆሮው ሊሆን ይችላል። ቁልቁለቱን ቶሎ ሲወርዱ የአየር ግፊቱ ይለወጥና ጆሮው ይደፈናል። መዋጥ ይከፍተዋል፤ ስለዚህ እናትየው ከመንገዱ ዳር ደህና ቦታ መኪናው ቆሞላት ታጥባው፤ እየሄዱ ማጥባት ግን አደጋ ነው። ፍሬን ሲያዝ ልጁ ከእጅ ያመልጣል። ጋቢናም አይቀመጥ።

የእህቴ ልጅ 4 ወሩ ነው። ከዓለም ከተማ ጀማ ልንወርድ ነው። ወንዙ ዳር የት እናስተኛው? (አጎት)

መጀመሪያ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ገለባና ላስቲክ ፈልግ፤ ያለፈው ጎርፍ የደረሰው እስከዚያ ነው። የልጁ ቦታ ከዚያ በላይ ይሁን። ደረቁ አሸዋ ለጥ ያለ ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን የወንዙ አልጋ ነው። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ መንዝ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ጭራሮ መንሳፈፍ ከጀመረ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ዕቃ ልሰብስብ ሳትል ልጁን ይዘህ ውጣ። የበልግ ዝናብ ስላለ የካቲትና መጋቢት እንኳ አይታመኑም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ።

ቀጥሎ መንጠቆው። ወርዋሪው ክሩን ወደ ኋላ አወዛውዞ ስለሚለቅ ልጁ ከጀርባው ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፣ ማንም መሐል አይለፍ። ትርፍ መንጠቆ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጥ እንጂ ልብስና ጋቢ ላይ አይሰካ። ስትሄዱና ስትመለሱ ቁጠሩት። አምባዛ ከያዛችሁ ከውሃ ወጥቶም ረጅም ሰዓት ይኖራልና ሞቷል ብላችሁ ልጁ አጠገብ አትጣሉት፤ የጎን ክንፎቹ እሾህ አላቸው።

ልጁን በዛፍ ጥላ ሥር አስተኙት፤ ጥላው ስለሚዞር እናንተም አብራችሁ አዙሩት። ዓሣ የምትጠብሱበት ጭስ ወደ እሱ አይንፈስ። አንዳንዱ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ ይነሰንሳል፤ ትንሽ ትልቁን ዓሣ ይፈጃልና ይቅርባችሁ።

ቆላ ያጠማል። ለልጅ ልጄ ጥቂት ውሃ፣ ካልሆነም የአብሽ ውሃ ልስጠው? (አያት፣ አንኮበር)

እማማ፣ አይስጡት። እስከ 6 ወር ድረስ ጡት ምግቡም ውሃውም ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ቶሎ ቶሎ ይጠባ። የጠጣው ውሃ ሆዱን ሞልቶ ጡቱን ያስተወዋል፣ ተቅማጥም ያመጣል። በቂ ማግኘቱን በሽንቱ ይወቁ፤ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና ደህና ነው። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ከሆነ የፈላ ውሃ በፔርሙስ ከቤት ይያዙ፤ ወተቱ በሚጠጣበት ሰዓት ይበጥበጥ፣ የተረፈው ይደፋ።

ዓሣ አጽድቼ ማጥባት እችላለሁ? (እናት፣ ደብረ ሲና)

በሳሙና እስከ ክንድሽ ከታጠብሽ፣ አዎ። በደንብ የበሰለውን ብትበዪም ለወተትሽ ችግር የለውም። ሳሙናና ንጹሕ ውሃ ከቤት ያዢ፤ ቆላው ወንዝ ቢልሃርዝያ ሊኖረው ስለሚችል ልጁን አትጠቢበት፣ የሽንት ጨርቅም አትጠቢበት።

ቢንቢውስ? ከተመለስን በኋላስ ምን እንከታተል? (አባት፣ ሸዋ ሮቢት)

ቢንቢው ሲመሽ ይነሳልና 10 ሰዓት ላይ ዕቃ ሰብስቡ። ቀንም ቢሆን በተኛበት ላይ አጎበር ጣሉለት። የቢንቢ ማባረሪያ ቅባት ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ አይቀባም።

ከ2 ወር በታች ያለ ልጅ በብብቱ ሲለካ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ከ35.5 ከወረደ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ወይም ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ ትንፋሹ 60 ከደረሰ በሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ወባ የሚታየው ቶሎ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ ነው፤ በወሩ ውስጥ ካተኮሰው ለባለሙያው የዋላችሁበትን ቦታና ቀኑን ንገሩት፣ ደሙ እንዲመረመር።