«ማን ላከህ?» እያለ የሚወድቀው ስኩዊድ፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ ስኩዊድ ፕሮክሲን (የላቡን ኮምፒውተሮች የኢንተርኔት ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ፕሮግራም) ሳስተዳድር ዓመታት ሆኑኝ። ሰሞኑን ስለ ሲቪኢ-2023-50269፣ ማለትም በዚህ መለያ ቁጥር ስለተመዘገበው የስኩዊድ የደህንነት ቀዳዳ፣ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ጀበናው ተጥዷል፤ በረካው እስኪወርድ የቻልኩትን ልመልስ።

ከኮምቦልቻ፦ አንድ ተማሪ በአንድ ሪኩዌስት ብቻ የላቡን ኢንተርኔት ሊያጠፋ ይችላል የሚሉት እውነት ነው?

ወንድማለም፣ ቅንብሩ ከፈቀደለት አዎ። ፕሮክሲዎች ሲቀባበሉ «ይሄ ከእገሌ የመጣ ነው» የሚል መስመር ይጨምራሉ። ስሙ ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር ነው፤ የአይፒ አድራሻዎች በኮማ ይደረደሩበታል። ስኩዊድ ላይ ይህን መስመር «ተከተል» የሚለው አማራጭ ከተከፈተ፣ ከመጨረሻው አድራሻ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ ይመረምራል።

የሰርግ ቤት ዘበኛ አስብ። «ማን ላከህ?» «አሊ።» «አሊንስ?» «ገብሬ።» ዘበኛው ግን የጠየቀውን ሰው አያሰናብትም፤ በር ላይ አቁሞ ቀጣዩን ይጠራል። ሺህ ስም ካመጣህበት በሩ ይሞላል። ስኩዊድም እንደዚያው ነው። ለእያንዳንዱ አድራሻ ራሱን መልሶ ይጠራል፣ የፊተኛው ሳያልቅ ሌላው ይደረባል፣ ስታክ የሚባለው የሜሞሪ ክፍል ሲሞላ ፕሮግራሙ ዱብ! በ2023 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የወጣው ማስተካከያ የሚመረመሩትን አድራሻዎች ብዛት 64 ላይ ገደበው። እኔ እንኳን 64፣ ከሁለት በላይ በላቤ አይቼ አላውቅም።

ከደሴ፣ የኢንተርኔት ካፌ ባለቤት፦ የደንበኞቼ ፓስዎርድ ይሰረቃል?

አብሽር፣ አይሰረቅም። ይሄኛው ጣይ እንጂ ሌባ አይደለም።

ከወልድያ፦ የተስተካከለው በ6.6 ነው አሉ። የኔ ኡቡንቱ 5 ምናምን ነው የሚለው። አለቀልኝ?

አላለቀልህም። ከስኩዊድ ሰዎች በኩል ከ3.1 እስከ 5.9፣ እንዲሁም ከ6.0.1 እስከ 6.5 ያሉት ችግሩ አለባቸው። ኡቡንቱና ዴቢያን የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ግን የስሪቱን ቁጥር ሳይቀይሩ ማስተካከያውን ብቻ አሮጌው ላይ ይለጥፋሉ። ስለዚህ የስሪቱን ቁጥር አይተህ አትደንግጥ፣ አትዘናጋም። የፓኬጁን የለውጥ መዝገብ ክፈትና ይህን የሲቪኢ ቁጥር ፈልግ።

ከመርሳ፦ ኔታችን ቀርፋፋ ነው፤ ዛሬ አፕዴት ማድረግ አልችልም።

የቅንብር ፋይሉን ክፈትና «ፎሎው ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር» (follow_x_forwarded_for) የሚለውን መስመር ፈልግ። ከሌለ ይሄ ጉዳይ አይመለከትህም፤ ብዙዎቻችን ጋ የለም። ካለ አጥፋው፣ በተለይ ለሁሉም የፈቀደ ከሆነ። ስታጠፋው ግን ከፊትህ ሌላ ፕሮክሲ ካለ ሎግህ (የአጠቃቀም መዝገብህ) ላይ የሱ አድራሻ ብቻ ይታያል፤ ማን ምን እንደከፈተ መለየት ያቅትሃል። ለጥቂት ቀን ይቻላል።

ከሐይቅ፦ ስኩዊድ ሲወድቅ ራሱ ይነሳ የለ? ምን አስጨነቀህ?

ይነሳል። ስኩዊድ ሲሠራ ወላጅና ልጅ የሚባሉ ፕሮሰሶች አሉት፤ ሥራውን የሚሠራው ልጁ ሲወድቅ ወላጁ ወዲያው ይቀሰቅሰዋል። አጥቂው ግን ያችኑ ሪኩዌስት ደግሞ ይልካል። አዲሶቹ ስሪቶች ላይ ልጁ ቶሎ ቶሎ ከሞተ ወላጁ «ተስፋ የለውም» ብሎ ይተወዋል፤ ቅንብሩን ካልነካህ ለ1 ሰዓት። እኔ ጋ አንዴ በሌላ ምክንያት በፈተና ሰዓት ወድቆብኝ ነበር። ላቡ ሙሉ ተማሪ ከስክሪኑ ዞሮ እኔን ነው ያየው።