«የታወቀ» የተባለ ፋይል ሁሉ ንጹሕ ነውን?

ጥያቄ፦ የአንድ ድርጅት ኮምፒውተሮች ኃላፊ ነኝ። በቫይረስ የተጠረጠረ ኮምፒውተር ስመረምር የተጠቀምሁበት ፕሮግራም የፋይሎቹን ሃሽ ከአሜሪካው ብሔራዊ የሶፍትዌር ማጣቀሻ ቤተ መዝገብ ጋር አስተያይቶ አብዛኞቹን «የታወቁ» አላቸው። ንጹሕ ናቸው ብዬ ልለፋቸው?

መልስ፦ አይለፏቸው። ሃሽ የፋይሉን ባይቶች በሙሉ አስልቶ ርዝመቱ የተወሰነ ቁጥር ያወጣል፤ ኤስኤችኤ-256 በተባለው የስሌት ዘዴ ከተሰላ ፋይሉ አንዲት ፊደልም ይሁን ሙሉ ፊልም ውጤቱ ሁልጊዜ 256 ቢት (0 ወይም 1) ነው። ስሌቱ የፋይሉን ስም አይመለከትም፤ የዊንዶውስን ጽሑፍ መጻፊያ ኖትፓድን «ደመወዝ» ብለው ቢሰይሙት ሃሹ ያው ነው፤ ከውስጡ አንዲት ቢት ቢቀየር ግን ከውጤቱ ቢቶች ግማሽ ያህሉ ይለወጣሉ።

ቤተ መዝገቡን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ሶፍትዌሮችን ሰብስቦ የፋይሎቻቸውን ሃሽ ይመዘግባል። የወንጀል መርማሪ በዚህ ዝርዝር የዊንዶውስንና የመሳሰሉትን ፋይሎች ከፊቱ ያነሣና ጊዜውን ባለቤቱ ራሱ በፈጠራቸው ሰነዶች ላይ ያውላል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው። ዝርዝሩ የሚመሰክረው ግን ፋይሉ ከየትኛው ሶፍትዌር እንደ መጣ ብቻ ነው። መረጃ መደበቂያና መጥለፊያ መሣሪያዎችም ተመዝግበውበታል፤ እንዲያውም የዊንዶውስ ትእዛዝ መስጫ የሆነውን ፓወርሼልን የመሰለ ፍጹም ሕጋዊ ፕሮግራም በአጥቂ እጅ ሲገባ ሃሹ አይለወጥም። በአንጻሩ ከዝርዝሩ ያልተገኘ ፋይል ትናንት የወጣ ማሻሻያ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ብቻ አይወነጀልም።

ፕሮግራምዎ የሚያስተያየው በየትኛው ስሌት እንደ ሆነም ይመልከቱ። በኤምዲ5 ከሆነ፣ የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት ሃሽ እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 አሳይተዋል፤ በ2017 ደግሞ ጉግልና በአምስተርዳም የሚገኝ የምርምር ተቋም በኤስኤችኤ-1 ያንኑ በሁለት ፒዲኤፍ ፋይሎች ፈጽመዋል። ይህ ማለት ማንም ተነሥቶ የኖትፓድን ሃሽ የያዘ ቫይረስ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ቀድሞ ካለ ፋይል ጋር ማመሳሰል እጅግ የከበደ ሌላ ሥራ ነውና። ቢሆንም ምርጫ ካለዎት ኤስኤችኤ-256ን ይያዙ፤ በፓወርሼል ጌት-ፋይልሃሽ የተባለው ትእዛዝ ሌላ ካልተነገረው በዚሁ ያሰላል።

እርስዎ ጥቃት እያጣሩ ስለሆነ «የታወቁ» የተባሉትን ከምርመራው አያስወጧቸው። የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደ ተነሣ፣ ማን እንዳስነሣውና ከየትኛው ፎልደር እንደ ተነሣ ይመርምሩ።