«የባሕር ይገባኛል ጥያቄ»፦ ማን ከማን ነው የሚጠይቀው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቃሊቲ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ከጅቡቲ የሚመጡ ደብዳቤዎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «ማሪታይም ክሌም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «የባሕር ይገባኛል ጥያቄ» ብዬ ብጽፍ፣ አለቃዬ «የካሳ ጥያቄ በይው» አለኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል።

«ይገባኛል» ጥሩ ቃል ነው፣ አትተዪው። «ገ»ና «ባ» ጠብቀው ሲነበቡ «ድርሻዬ ነው፣ ሊሰጠኝ ይገባል» ማለት ነው፤ ላልተው ሲነበቡ ግን «እረዳዋለሁ» ይሆናል። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላቱን ስለማያሳይ «ጥያቄ» የሚለውን አትጣይበት፣ አንባቢውን የሚመራው እሱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ «የባሕር» የሚለው ነው። ዛሬ ታክሲ ውስጥ «የባሕር ይገባኛል ጥያቄ» ብትዪ፣ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ወዲያው የባሕር በር ወሬ ይጀምርልሻል። አይፈረድበትም። አገሮች በባሕር ይካሰሳሉ፤ ሶማሊያና ኬንያ በሕንድ ውቅያኖስ ወሰን ተካሰው የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ወስኖላቸዋል። በ1982 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት ባለ ጠረፍ አገር እስከ 12 የባሕር ማይል የግዛት ባሕር፣ እስከ 200 ደግሞ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና፣ ማለትም የዓሣውና የሌላው ሀብት መብት የእሱ የሆነበት ባሕር፣ ሊኖረው ይችላል። የዚህ ዓይነቱን «የባሕር ክልል ይገባኛል ጥያቄ» በይው።

ያንቺ ደብዳቤ ግን ሌላ ነው። እኔ የምኖረው ገላን ነው፤ በቅርቡ አንድ ጎረቤቴ ኮንቴይነሩን ሲያስከፍት ሩዙ በባሕር ውኃ ርሶ፣ ጆንያው ከታች ጠቁሮ፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራ ነበር። ትራንዚተሩ «ቶሎ ክሌም አስገባ» አለው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው አገር አይደለም፣ አጓጓዡ ነው። ለሩዙ «የካሳ ጥያቄ» ቢባል ልክ ነው፣ አለቃሽም ይህን አስቦ ይሆናል።

ግን ካሳ ብቻ አይደለም። በ1952 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ የተፈረመው የመርከብ እገዳ ስምምነት መርከብ በፍርድ ቤት የሚያሳግዱ ብሎ የዘረዘራቸውን ጥያቄዎች እይ፦ የግጭት ጉዳት፣ የጭነት መጥፋት፣ ከአደጋ የማዳን ክፍያ፣ የመርከብ ጥገና ዋጋ፣ የመርከበኞች ደመወዝ፣ የባለቤትነት ክርክር ሳይቀር አለበት። መርከበኛ ወራት ሙሉ ማዕበል ላይ ሠርቶ ያልተከፈለውን ሲጠይቅ ካሳ እየጠየቀ አይደለም፣ የላቡን ነው። «ካሳ» ካልሽው ይህን ሰው ከቃሉ አስወጣሽው። ለጠቅላላው «መርከብ ነክ ይገባኛል ጥያቄ» እላለሁ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ማንንም አያሳስትም።

በነገራችን ላይ የእኛም የባሕር ሕግ የወጣው በ1952 ነው፣ ግን በእኛ አቆጣጠር። «የ1952ቱ ሕግ» ብለሽ ብቻ ከተውሽው ሁለቱ ይምታታሉ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን ሁልጊዜ ጻፊ።

አንድ ልጨምርልሽ። ፍርድ ቤት ለጠያቂው ዋስትና እስኪቀርብ መርከብ እንዳይንቀሳቀስ ሲያዝ፣ አንዳንድ ተርጓሚ «መርከቧ ታሰረች» ይላል። መርከብ ወደብ ስትደርስ በገመድም ትታሰራለች እኮ! «ታገደች» በይ። ስለዚህ ደብዳቤሽ ላይ እንዲህ ብትጽፊ ይሻላል፦ «ያልተከፈለ የመርከበኞች ደመወዝን በተመለከተ በቀረበ መርከብ ነክ ይገባኛል ጥያቄ መነሻ መርከቧ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዳለች።»