ቋጥኝ ሲበዛ ጥፋቱ የፈንጂው ነው?

አንድ የካባ ኃላፊ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ከአንፎ (የአሞኒየም ናይትሬትና የናፍጣ ድብልቅ ፈንጂ) ወደ ኢመልሽን (በፓምፕ የሚሞላ ወፍራም ፈሳሽ ፈንጂ) ቀይረናል። የአቅራቢው ወረቀት ፍንዳታው በፈንጂው ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት በሰከንድ 5,500 ሜትር ነው ይላል። ግን አሁንም ክሬሸር የማይውጠው ቋጥኝ ይበዛብናል። ፈንጂው ደካማ መሆኑን በምን እንወቅ?»

የወረቀቱን ቁጥር ለጊዜው ይተዉት። ፈንጂው የሚሞላበት ቀዳዳ ሲጠብ ፍጥነትም ይወርዳል። አንፎን ብንወስድ፣ በጠባብ ቀዳዳ 3,000 ሜትር ገደማ የሚሄደው በሰፊው ከ4,000 ያልፋል። ስለዚህ መለካት ያለበት እርስዎ በሚሞሉት ቀዳዳ ውስጥ ነው። አቅራቢዎ የፍጥነት መለኪያውን ይዞ ይምጣ፤ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው። ቀዳዳው ውስጥ የወረደውን ሽቦ ፍንዳታው ከታች ወደ ላይ እየበላው ሲሄድ መሣሪያው መስመር ይስላል። መስመሩ ቀጥ ብሎ እስከ ላይ ከደረሰ ፈንጂው ሥራውን ሠርቷል። መሃል ላይ ከተሰበረ ግን ውኃ ወይም የቁፋሮ ዱቄት ገብቶበት ይሆናል።

እኔ በየቀኑ የማምነው ግን ሚዛንና ባለ 1 ሊትር ጆግ ነው። ከፓምፑ ቱቦ ጆጉን ሞልተው፣ አፉን ጠርገው ይመዝኑ። ውስጡ ጥቃቅን አረፋ የሚፈጥረው ጋዝ ሲሠራ ኢመልሽኑ ያብጥና ከአፉ ይተርፋል። የተረፈውን እየጠረጉ በየጥቂት ደቂቃው ደግመው ይመዝኑ። ብዙዎቹ ምርቶች 1.1 እስከ 1.2 ኪሎ ላይ ያርፋሉ። 1.3 ላይ ድርቅ ብሎ ከቀረ ጋዙ አልሠራም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ይደክማል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይፈነዳም። ክብደቱ መውረዱን ሳያቆም የቀዳዳውን አፍ በጠጠር አይድፈኑ።

ጭሱንም ልብ ይበሉ። ብርቱካንማ ከሆነ ፈንጂው በደንብ አልተቃጠለም፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ውኃ አለ። ይህ ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ጨርሶ ሳይጠራ አንድም ሰው እንዳይገባ፣ እባክዎ!

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ቋጥኙ ካልቀነሰ ፈንጂውን አይውቀሱ። አንድ ቦታ ላይ መስመሩ እንደ ክር የተወጠረ ነበር፣ ቋጥኙ ግን መዓት ነው። በኋላ ስናየው ሁሉም የመጣው ፈንጂ ካልደረሰበት ከላይኛው ክፍል፣ ጠጠር ከተሞላበት ነው። እርስዎም ከቀጣዩ ፍንዳታ በፊት ቀዳዳዎቹ በተቆፈሩበት የድንጋይ ደረጃ የላይኛው ወለል ላይ ቀለም ይርጩበት። ቀለም ያለባቸው ቋጥኞች ከበዙ የጠጠሩ ቁመት በዝቷል። ሲያሳጥሩት ግን ድንጋይ ሊወረወር ስለሚችል፣ ከፍንዳታ ኃላፊው ጋር ተመካክረው ጥቂት በጥቂት ይቀንሱ።